ስም ስጠይቅ ኮከብ ይሰጡኛል

ስም ጠይቄ ኮከብ ሲሰጡኝ ደስ አይለኝም።

አይናቹራሊስት የሚባል የተፈጥሮ መዝገብ አለ። በስልክም በኮምፒውተርም ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2008 በርክሌይ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለማስተርስ መመረቂያቸው ብለው ጀመሩት። ዛሬ ሰው ከየአገሩ ያየውን ወፍ፣ ቅጠል፣ ጥንዚዛና እንጉዳይ ፎቶ እያነሣ ያስገባበታል። ቀኑንና ቦታውን ትጽፋላችሁ፤ የሚያውቅ ሰው ስሙን ይነግራችኋል፤ ሌላ የሚያውቅ ደግሞ ወይ ይስማማል ወይ "የለም፣ ይሄ ሌላ ነው" ይላል። ስም ከሰጡት ሰዎች መካከል ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆኑት ሲስማሙ መዝገቡ "ለምርምር የሚበቃ" የሚል ማዕረግ ይለጠፍለታል። ተመራማሪም ከዚያ ወስዶ ይሠራበታል።

ከፎቶው አጠገብ ደግሞ አንዲት ኮከብ አለች። እሷን የነካ ሰው "ወደድኩት" አለ ማለት ነው። ኮከቧ ለማዕረጉ ቅንጣት አትጨምርም። ስሙ ያልታወቀ ጥንዚዛ ኮከብ ቢዘንብለትም ስሙ ያልታወቀ ጥንዚዛ ሆኖ ይቀራል።

እና ሱሉልታ ሜዳ ላይ ያየኋትን ወፍ አስገብቼ ስሟን ስጠብቅ፣ ስልኬ ቲንግ ይላል። እጄን ሳልታጠብ ከማዕድ ተነሥቼ እከፍተዋለሁ። ኮከብ! ከፖርቱጋል ይሁን ከታይዋን፣ የማላውቀው ሰው ወዶልኛል። እግዜር ይስጠው። ግን ወንድሜ፣ ምንድን ናት?

ኮከብ ሰጪ ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳይመስላችሁ። ቁጭ ብዬ ስታዘባቸው የየራሳቸው ጠባይ አላቸው።

የመጀመሪያው ለጋሱ ነው። ቡናውን ይዞ ይቀመጥና ፊቱ የመጣውን ሁሉ ያድላል። ለዝሆንም ኮከብ፣ ለትንኝም ኮከብ፣ ደብዝዞ ዝሆን ይሁን ትንኝ ለማይለይ ፎቶም ኮከብ። የዚህን ሰው ፍቅር ያገኘ ሁሉ ይደሰትና፣ ቀና ብሎ ሌላው ምን እንዳገኘ ሲያይ ደስታው ይበርድለታል።

ሁለተኛው ባለብድሩ ነው። ኮከብ የሚሰጣችሁ እንድትሰጡት ነው። ዛሬ ለቁራችሁ ሰጥቶ ነገ የርሱን እርግብ ዝም ብላችሁ ካለፋችሁ፣ ከነገ ወዲያ ጥንብ አንሣችሁን አያያትም። ዩቲዩብ ላይ "ላይክ፣ ሼር፣ ሰብስክራይብ" እያለ ሲለምነን የኖረ ትውልድ ወፍ ዘንድም ሲደርስ ጠባዩን አልተወም።

ሦስተኛው አስቀማጩ ነው። የዚህኛው ኮከብ "ወደድኩት" ማለት ብቻ አይደለም፤ "ኋላ እመለስበታለሁ" ማለትም ነው። ዓይኑ የገባውን ሁሉ በኮከብ ምልክት አድርጎ ያስቀምጣል። የማዳጋስካር እስስት፣ የቦርኒዮ ኦርኪድ፣ የሰሜን ተራሮች ዋልያ፣ ሁሉም በአንድ ጓዳ ታጭቀዋል። ሲመለስበት ግን ያየው የለም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

በዚህኛው ላይ ለመሳቅ የሚችል ካለ እጁን ያውጣ። የቴሌግራማችሁን ማስቀመጫ እስኪ ክፈቱት። የዶሮ ወጥ አሠራር አለ፣ ዶሮው ግን ዛሬም በሕይወት አለ። እንግሊዝኛ በአንድ ወር የሚያስተምር ቪዲዮ አለ፣ ወሩ ስንት ጊዜ ተመላለሰ። የሥራ ማስታወቂያ አለ፣ የመመዝገቢያ ቀኑ ያለፈበት። አንድ ወዳጄ "ሴቭ አድርጌዋለሁ" ካለ ነገሩ አበቃለት ማለት እንደሆነ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። ሚስቱ አንድ ነገር እንዲረሳላት ስትፈልግ "ሴቭ አድርገው" ትለዋለች።

አራተኛው አራሚው ነው። ይሄ ኮከብ መስጠት አያውቅበትም። ሰላምታም አያውቅበትም። ይመጣል፣ የሰጣችሁትን ስም ይቃወማል፣ ትክክለኛውን ይጽፋል፣ ይሄዳል። "ፎቶህ ያምራል" የለ፣ "በርታ" የለ። መጀመሪያ ሰሞን ሰውዬው ያስጠላል። እያደር ግን ስልካችሁ ቲንግ ሲል እሱ በሆነ ብላችሁ ትመኛላችሁ።

ደግሞ ኮከብ አድልዎ ታውቃለች።

ከሱሉልታ ወይም ከቡራዩ አለፍ ብሎ ካለው የገፈርሳ ግድብ ዳር ባለ ሰማያዊ ክንፏን ዝይ አንሥታችሁ ብታስገቡ፣ ኮከቡ አይቀርላችሁም። ይገባታልም። ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም የትም የላትም። ቆማ ስታዩዋት አመድማ ነገር ናት፤ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ጀርባዋ ላይ አስደግፋ፣ ቤት ኪራይ የተጨመረባት ሴትዮ መስላ ትንቀሳቀሳለች። ስትበር ነው ጉዱ። ክንፏ ሲዘረጋ ያ የሸሸገችው ሰማያዊ ብቅ ይላል፤ ፎቶ አንሺውም "ያዝኳት!" ብሎ ይጮሃል።

ከሷ አጠገብ ሣሩ ውስጥ የምትሯሯጠው ቡናማ ወፍስ? ኮከብ የላትም። ከሷ ቀጥሎ ያለችው ሌላ ቡናማ ወፍም የላትም። ቡናማ ወፎች በዓለም ላይ እንደ ደሀ ዘመድ ናቸው፤ ብዙ ናቸው፣ ተመሳሳይ ናቸው፣ ስማቸውን የሚይዝላቸው ጥቂት ነው።

ከወፍም የባሰበት ሣር ነው። ሣር ፎቶ ያነሣ ሰው ኮከብ ይቅርና ጤንነቱን ይጠየቃል።

ከሰበታ ወጥታችሁ በጅማ መንገድ ጠፍኪን ስታልፉ ተጂን ታገኛላችሁ። የበቾ ሜዳ ነው። ጥቁር አፈር፣ ጤፍ፣ ሽምብራ፣ ጓያ፤ ክረምት አዋሽ ሲሞላ ደግሞ ውሃው ሜዳው ላይ ይተኛል። ሰውም ከብቱም ሣር የሚያውቅበት አገር ነው። ጤፍ ራሱ ሣር አይደለም እንዴ? የቅርብ ዘመዱ የሆነችው የዱር ሣር እንደ አረም በየማሳው ዳር ትበቅላለች። አገር በሙሉ በእንጀራ እያደረ፣ የእንጀራውን የአክስት ልጅ የሚያነሣ የለም።

ተጂ፣ ከመንገዱ ዳር ካለች ሻይ ቤት ተቀምጬ ያነሣሁትን ሣር አፍጥጬ ሳይ፣ ባለቤቷ ሻዩን ይዘው መጡ።

"ምንድን ነው ልጄ እንዲህ ያስተከዘህ? ሰው ሞተ?"

"ኧረ አይደለም እማማ። ሣር ነው።" ስልኩን አሳየኋቸው።

ወደ ስልኩ አዩ፣ ወደ እኔ አዩ፣ ወደ ደጅ አዩ። እሱው ሣር ደጅ ላይ ቆሟል። "በነጻ ቆሞልህ በስልክ ታየዋለህ?"

"ስሙን ፈልጌ ነው።"

"የምን ስም? አክርማ አይደል እንዴ!"

ለማስረዳት እንኳ ጊዜ አላገኘሁም። ወጥተው ከመንገዱ ጠርዝ አንዱን አገዳ ነጠቅ አድርገው መዘዙ። በአውራ ጣታቸው ጥፍር ሰነጠቁት። ግማሹን በጣቶቻቸው መካከል አስገብተው ጠመዘዙት፤ ታጠፈ እንጂ አልተበጠሰም። "አየኸው? ሌላው ሣር እንዲህ ሲሆን ይቆረጣል። እናቴ ወስፌ ያስጨበጠችኝ በዚህ ነው። ይሄና ሰንደዶ ባይኖሩ መሶቡም ሰፌዱም ከየት ይመጣል?"

እስካሁን ያ ሣር ያገኘው አንዲት ኮከብ ነበር፣ ያውም ከለጋሱ። ይሄንኑ ነገርኳቸው።

"ኮከብ ማለት?"

"ወደድኩት ማለት ነው።"

"ስሙን ሳያውቅ?"

"አዎ።"

ትንሽ አሰቡበት። "እንግዲህ ይሁን" አሉና ብርጭቆውን አነሡ። "ለጋብቻ እንኳ ሽማግሌ የሚልክ ሰው የልጅቱን ስም ይጠይቃል።"

አክርማ የሚለውን ይዤ ሳይንሳዊ ስሙን ፈለግሁና ኤሌውሲን ፍሎኪፎሊያ ብዬ አስገባሁ። አራሚው መጣ፣ ሰላም ሳይል ተስማማ፣ ሄደ። የዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ረግጠው የማያውቁ ባለ ሻይ ቤት የሰጡት ስም "ለምርምር የሚበቃ" ተባለ። እሳቸው ማዕረጉን አልሰሙም። የሻዩን ሂሳብ ብቻ ተቀበሉኝ።

ምልክት ማድረግ ድሮም ነበረ። በብራና መጻሕፍቶቻችን ጠርዝ ላይ ባለቀለም ክር ተሰፍቶ ታያላችሁ፤ ዕልባት ነው፣ አንባቢው የሚፈልገውን ቦታ ሳይደናበር እንዲገልጥ። ዳዊት ደጋሚ የሰኞውን ሰኞ፣ የማክሰኞውን ማክሰኞ ይደግማል። ክሩ የተሰፋበት ገጽ ጠርዙ ጠቁሮና ወዝቶ የሚገኘው ለዚህ ነው። ጣት ተመላልሶበታል። የኛ ኮከብ ያረፈበት ፎቶ ግን ንጹሕ ነው፤ ዳግመኛ የነካው የለማ።

ተመልሶ ማየት ምን እንደሚያመጣ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ ሴቶች ወንዝ ወርደው ልብስ ሲያጥቡ ያያሉ። ሳሙናቸው እንዶድ ነው። እንዶድ ለልብስ ማጠቢያ እንደሚሆን የማያውቅ ሐበሻ አልነበረም፤ የሚያስደንቅም ነገር አልነበረበትም። ዶክተሩ ግን ከሚታጠብበት ቦታ ዝቅ ብሎ ውሃው ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ልብ አሉ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ነው። ስንቱ ሰው ያንን ወንዝ ተሻግሯል! "ደስ ይላል፣ ባህላችን ነው" ብሎ ያለፈም ይኖራል። እሳቸው ግን ጠየቁ፣ ሞከሩ፣ ደጋግመው መረመሩ። ነገሩ እ.ኤ.አ. በ1989 እሳቸውንና ባልደረባቸውን ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስን አማራጭ ኖቤል እየተባለ ለሚጠራው ሽልማት አበቃቸው።

የነጭ ሳሯ ወፍ ታሪክ ደግሞ ከዚህም ይገርማል። እ.ኤ.አ. በ1990 ወደ ነጭ ሳር ሜዳ የመጡ ተመራማሪዎች መንገድ ላይ መኪና የገጫት የሌሊት በራሪ ወፍ አገኙ። ከሬሳዋ ለመውሰድ የበቃው ክንፏ ብቻ ነበር። አንድ ክንፍ! እኔ ብሆን ፎቶ አንሥቼ፣ ኮከብ ለምኜበት፣ እረሳት ነበር። እነሱ ያቺን ክንፍ ይዘው አገራቸው ገቡ፣ ሙዚየም ካሉት ክንፎች ሁሉ ጋር አስተያዩዋት፣ ከአንዱም አልገጥም አለች። እ.ኤ.አ. በ1995 አዲስ ዝርያ ተብላ ስም ወጣላት፤ በላቲኑም "ክንፍ ብቻ" የሚል ቃና ሰጧት። አንዲት ኮከብ ለመንካት ሰከንድ አይፈጅም። አንዲትን ክንፍ ለመሰየም አምስት ዓመት ፈጀ።

አስቀማጭነት የግለሰብ ጠባይ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። አገርም ያስቀምጣል።

እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በ1996 አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ለወፎች እጅግ የሚያስፈልጉ የተባሉ 69 የአገራችንን ቦታዎች በዝርዝር ያስቀመጠ ነው። የሱሉልታ ሜዳ አለበት። ገፈርሳ አለበት። ከሰበታ በላይ ያለው የመናገሻ ደን አለበት። ማኅበሩ የድርሻውን ሠራ፤ ምልክቱን አደረገ። እኛስ? ዛሬ ሱሉልታ ሲባል ሰው የሚያስበው ሯጮቹን፣ የታሸገ ውሃ ፋብሪካውንና የሚሸጠውን ቦታ ነው። ሰበታም ቡራዩም ሱሉልታም ሸገር ከተማ በሚል ስም ተጠቃለዋል። ዝይዋ ይሄንን የሰማች አልመሰለኝም፤ አሁንም መጥታ ሣሩን ትፈልጋለች።

አይዟችሁ፣ ሁሉም እንዲህ አይደለም። ከአዲስ ዓለም አለፍ ብሎ በርጋ የሚባል ረግረግ አለ። በዓለም ላይ ከመጥፋት አፋፍ የደረሰች፣ ክንፏ ላይ ነጭ ያለባት ትንሽ የረግረግ ወፍ በክረምት እዚያ ትፈለፍላለች። ድሮ ሱሉልታ ላይም ታይታለች። ወፏ ከሣር ውስጥ አትወጣም፤ ለፎቶ አትመችም፤ ኮከብ ለመሰብሰብ የተፈጠረች አይደለችም። የበርጋ ገበሬዎች ግን ተደራጅተው፣ እንቁላል በምትጥልበት ወራት ከብታቸውን ከረግረጉ ያርቁላታል። ለሷ ሲል ከብቱን የመለሰ እረኛ ከስንት ሺህ ወዳጇ ይበልጥላታል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ያሉት ይሄንን አይተው ይሆን?

ስለ አንድ ነገር ግን መዝገቡን ላመስግነው። ለመጥፋት የተቃረቡ እንስሳትንና ዕፅዋትን ያገኛችሁበትን ትክክለኛ ቦታ ለሁሉም ሰው አያሳይም፤ ካርታው ላይ ሆን ብሎ ያደበዝዘዋል። አዳኝም ነጋዴም ኮከብ ተከትሎ እንዳይመጣ ነው። እዩኝ እዩኝ ያለች ደብቁኝ ደብቁኝ ታመጣለች የሚለውን ተረት በርክሌይ ማን እንደነገራቸው እንጃ።

ለጋሱን ደግሞ ከመጠን በላይ ወቅሼው እንደሆነ ይቅር ይበለኝ። ጀማሪ ልጅ የመጀመሪያ ቢራቢሮዋን አስገብታ አንድ ሰው እንኳ ዞር ብሎ ሳያይላት ከሚቀር፣ ኮከብ ደርሷት ብትደሰት ምን ይጎዳል? ብዙ ሰው ወደ ዱር የሚወጣው አንድ ቀን አንድ የማያውቀው ሰው "ወደድኩት" ስላለው ነው። እሷ ኮከብ አትነፈግ። ችግሩ የሚመጣው በኮከቧ የጨረስን ሲመስለን ነው። አይተናል፣ ወደናል፣ አስቀምጠናል፤ በቃ፣ ተፈጥሮን ተንከባክበናል!

የተጂዋ እማማ ያን ቀን ያወቁትን ሣር ከእናታቸው ተማሩ። እናታቸው ከእናታቸው። የዛሬ ልጆች መሶብ ከሱቅ ይገዛሉ፤ ፕላስቲክም ይሆናል። አክርማን በጥፍሩ ሰንጥቆ የሚለየው ሰው በየመንደሩ እየቀነሰ ነው። እሱ ሲያልቅ፣ የሣሩ ፎቶ ይኖረናል፣ ኮከብም ይኖረዋል፣ ስም የሚሰጠው ግን ከወዴት ይመጣል?

እንግዲህ ልለምናችሁ። መስከረም ሲጠባ ሱሉልታና እንጦጦ ቢጫ ይለብሳሉ፤ ሁላችሁም አደይ አበባ መካከል ቆማችሁ ፎቶ መነሣታችሁ አይቀርም። ተነሡ፣ ያምርባችኋል። ከዚያ ስልካችሁን ወደ እግራችሁ ዝቅ አድርጉና የረገጣችኋትን አረም አንሡ። ስሟን ካላወቃችሁ አጠገባችሁ የቆመውን እረኛ ጠይቁት፤ በኦሮምኛም በአማርኛም ይነግራችኋል። ቤት ስትገቡ ለእናታችሁ አሳዩዋት፤ እሳቸውም አንድ ሁለት ስም አያጡም። የነገሯችሁን እንዳትረሱት ጻፉት።

ኮከቡ ኋላ ይደርሳል።